ባለ አደራ ወይስ ባለቤት? ትውፊታውያን ካቶሊኮችና የመንበረ ጴጥሮስ ሥልጣን

የተከበራችሁ አባቶች፣ ደናግል፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

በዛሬው ንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብና፣ በስዊዘርላንድ ወደሚገኝ አንድ ሜዳ ልውሰዳችሁ። የሮን ወንዝ በሚያልፍበት በቫሌ ሸለቆ፣ ከተራሮቹ ግርጌ፣ ኤኮን የምትባል ስፍራ አለች። ጁን 30 ቀን 1988 በዚያ ሜዳ ላይ ትልቅ ድንኳን ተተክሎ፣ ከብዙ አገር የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ምእመናን ተሰብስበው፣ የ82 ዓመቱ አረጋዊ ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌቭር አራት ካህናትን ጵጵስና ለመሾም በመሠዊያው ፊት ተቀምጠው ነበር። በጥንቱ የላቲን ሥርዓት ሢመተ ጵጵስና ከመፈጸሙ በፊት አንድ አጭር ጥያቄና መልስ አለ። «ሐዋርያዊ ትእዛዝ አላችሁን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «አለን» ተብሎ ይመለሳል፤ «ይነበብ» ይባላል። በዚህ ጊዜ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሹመቱን የፈቀዱበት ደብዳቤ በሕዝብ ፊት ይነበባል።

በዚያን ዕለት የሚነበብ ደብዳቤ አልነበረም። ከሮም የመጣው ሹመቱን እንዳይፈጽሙ የሚለምንና የሚያስጠነቅቅ ቃል ነበር። ሆኖም ጥያቄው እንደ ሥርዓቱ ቀረበ፤ «አለን» የሚለው መልስም እንደ ሥርዓቱ ተሰጠ፤ ይነበብ ሲባል የተነበበው ግን ትእዛዙን የተቀበሉት ከሐዋርያት ለወረሰችው ቅዱስ ትውፊት ዘወትር ታማኝ ከሆነችው ከሮማ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ነበር። በሮም መንበር ላይ የተቀመጡት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ «አላዘዝኩም» እያሉ፣ በኤኮን የተሰበሰቡት ደግሞ «ሮም አዛናለች» አሉ። ስለ ትውፊታውያን ካቶሊኮች የምናገረው ሁሉ በዚህ መልስ ውስጥ አለ። እነዚህ ሰዎች ሥልጣንን የሚንቁ አልነበሩም፤ ሥልጣንን ለመንቀፍ እንኳ የሥልጣንን ስም መጥራት ግድ የሆነባቸው፣ ያለ ሮም መኖር የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። ሕመማቸውም ከዚያ ይመነጫል።

ትውፊታውያን የምንላቸው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በፊት የነበረውን የላቲን ቅዳሴና ትምህርት አጥብቀው የያዙትን ካቶሊኮች ነው፤ አንድ ወጥ ማኅበር ማለታችን ግን አይደለም። ከሮም ጋር በሙሉ ኅብረት ሆነው በ1962 በታተመው የቅዳሴ መጽሐፍ የሚቀድሱ ካህናትና ምእመናን አሉ። ለፌቭር የመሠረቱት የቅዱስ ፒዮስ 10ኛ ማኅበር አለ፤ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም ይጸልያል፣ ፎቶግራፋቸውን በየቤተ ክርስቲያኑ ይሰቅላል፣ ነገር ግን በብዙ ነገር አይታዘዛቸውም። ከዚህ አልፈው መንበረ ጴጥሮስ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወዲህ ባዶ ነው የሚሉ ጥቂቶችም አሉ። በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ላይ ብዙ አልቆይም፤ መንበሩ ባዶ ነው ያለ ሰው ስለ መንበሩ ሥልጣን የሚጠይቀው ጥያቄ አይቀረውምና። የሚያሳስበኝ መንበሩ ላይ የተቀመጠው እውነተኛው የጴጥሮስ ተከታይ መሆኑን እያመነ «አባቴ ሆይ፣ ይህን ልታደርግ አትችልም» የሚለው ሰው ነው።

ለፌቭር ለእኛ ለአፍሪካውያን እንግዳ ሰው አይደሉም። በ1905 በሰሜን ፈረንሳይ በቱርኳን ተወለዱ፤ የመንፈስ ቅዱስ ማኅበር አባል ሆነው በ1932 ወደ ጋቦን በሚሲዮናዊነት መጡ። ከጦርነቱ በኋላ የዳካር ጳጳስ፣ ቀጥሎም በፈረንሳይኛ ተናጋሪ አፍሪካ የቅድስት መንበር እንደራሴ ሆኑ፤ በዚህም ሥልጣን ብዙ ሀገረ ስብከቶች እንዲመሠረቱ፣ አገር በቀል ካህናት ወደ ጵጵስና እንዲደርሱ ሠርተዋል። በዳካር መንበር የተተኳቸው ሴኔጋላዊው ኢያሲንት ቲያንዱም ሲሆኑ፣ እሳቸውም ኋላ ካርዲናል ሆነዋል። እንግዲህ ለፌቭር ዕድሜያቸውን በሙሉ በታዛዥነት ያሳለፉ፣ የሮምን ትእዛዝ ወደ አፍሪካ ያደረሱ፣ ከ1962 እስከ 1965 በተካሄደው በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እንደ ማንኛውም ጳጳስ የተቀመጡ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው በሰባ ዓመቱ ለሮም አልታዘዝም ካለ፣ ነገሩን በትዕቢት ብቻ መተርጎም ጥሩ ፍርድ አይመስለኝም።

ክርክራቸውን በአማርኛ ለማስረዳት ከየትኛውም ቋንቋ የተሻለ ቃል አለን። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «የተሰጠህን አደራ ጠብቅ» ይለዋል። አደራ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አደራ የተቀበለ ሰው በአደራው ላይ ሥልጣን አለው፤ ያስቀምጠዋል፣ ይቆልፍበታል፣ ሌባ ቢመጣ ይከላከልለታል፣ ያረጀውን ማሰሪያ በአዲስ ይተካል። ሊሸጠው ወይም በሌላ ሊለውጠው ግን አይችልም፤ ያን ያደረገ እንደሆነ ስሙ አደራ በላ ነው። ትውፊታውያኑ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የእምነቱና የሥርዓተ አምልኮው ባለ አደራ ናቸው፣ ባለቤት አይደሉም። የሚገርመው፣ ይህን ለማለት ከራሱ የሮምን ሥልጣን ከፍ ካደረገው ጉባኤ ይጠቅሳሉ። በ1870 የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በእምነትና በግብረ ገብ ጉዳይ በመንበራቸው ሆነው ሲወስኑ እንደማይሳሳቱ ሲደነግግ፣ በዚያው ሰነድ ውስጥ መንፈስ ቅዱስ ለጴጥሮስ ተከታዮች የተሰጠው አዲስ ትምህርት እንዲገልጡ ሳይሆን ከሐዋርያት የተላለፈውን በቅድስና እንዲጠብቁና በታማኝነት እንዲያስረዱ መሆኑን አስፍሯል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያስታውሳል፣ ሁለተኛውን ይረሳዋል።

ቅሬታቸው በሁለት ነገሮች ላይ ያረፈ ነው፤ አንደኛው ቅዳሴው ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ የላቲን ቋንቋ እንዲጠበቅ፣ ለየአገሩ ቋንቋም ሰፋ ያለ ቦታ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር፤ ካህኑ ፊቱን ወደ ሕዝብ እንዲያዞር የሚያዝ ቃል በውስጡ የለም። በ1969 ጳውሎስ 6ኛ ያወጁት አዲሱ የቅዳሴ መጽሐፍ ግን ከዚያ ርቆ ሄደ። ካህኑ ወደ መሠዊያው ከመውጣቱ በፊት ከሥር ቆሞ የሚያደርሰው ጸሎት ቀረ፤ የመባው ጸሎቶች ተለወጡ፤ በተግባርም ላቲኑ ከአብዛኛው ቁምስና፣ ማለትም ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ጠፋ፣ መሠዊያውም ዞረ። በዚያው ዓመት ካርዲናል ኦታቪያኒና ካርዲናል ባቺ፣ አዲሱ ሥርዓት በ16ኛው መቶ ዘመን በትሬንት ጉባኤ ከተደነገገው የመሥዋዕተ ቅዳሴ ትምህርት በሚያስደነግጥ ሁኔታ እንደሚርቅ የሚገልጽ ጥናት ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አቀረቡ። ኦታቪያኒ የእምነት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትን ለዓመታት የመሩ ሰው ነበሩና ይህ የተራ ተቃዋሚ ድምፅ አልነበረም።

እኛ በግዕዝ ሥርዓት የምንቀድስ ካቶሊኮች ይህን ስንሰማ በቀላሉ የምናልፈው አይመስለኝም። እስቲ አስቡት፤ በአንድ የስብከት ሰንበት ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ መጋረጃው ተነሥቶ፣ ቄሱ ከምሥራቅ ዞሮ እናንተን እያየ፣ «እግዚኦ ተሣሃለነ» በአንድ ወር ውስጥ በሌላ ተተክቶ፣ እናታችሁ በልጅነቷ በቃሏ የያዘችውን ተሰጥኦ የምትመልስበት ቦታ አጥታ ብታገኟት ምን ይሰማችኋል? ትርጉሙ ትክክል ነው፣ ምሥጢሩም ያው ነው ብትባሉ እንኳ፣ እናታችሁ ዝም ብላ ቆማ ማየት ይቻላችኋልን? በፈረንሳይና በእንግሊዝ፣ በጣሊያንና በአሜሪካ የብዙ ሰዎች ሐዘን ከዚህ የተለየ አልነበረም። የነገረ መለኮቱ ክርክር በኋላ መጣ፤ ሐዘኑ ቀድሞ ነበረ።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ሃይማኖት ነፃነት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ግሪጎርዮስ 16ኛና ፒዮስ 9ኛ የኅሊናና የአምልኮ ነፃነት የሚባለውን አሳብ በጽኑ ነቅፈው ነበር። ጉባኤው በዲሴምበር 1965 ያወጣው ሰነድ ደግሞ ማንም ሰው በሃይማኖት ጉዳይ ከመገደድ ነፃ የመሆን መብት እንዳለው አስተማረ። ትውፊታውያኑ «ትናንት የተወገዘው ዛሬ እንዴት ይጸድቃል?» ይላሉ። በዚህ ነጥብ ላይ አልከተላቸውም፤ ምክንያቴም የራሳችን ታሪክ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በእኛ ሃይማኖት ስም ሕዝብ ተገዷል፤ ደም ፈሷል። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1855፣ አባ ገብረ ሚካኤል የካቶሊክ እምነታቸውን እንዲክዱ ሲጠየቁ እምቢ በማለታቸው እንደታሰሩ በመንገድ ላይ ሞቱ፤ በ1926 ሮም ብፁዕ ብላ አክብራቸዋለች። አስገዳጅም ተገዳጅም ሆነን አይተናል። የመንግሥት ሰይፍ በኅሊና ላይ መዘዝ እንደሌለበት ለማወቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላሻኝም።

ትውፊታውያኑ ከሁሉ ይልቅ የሚጠሩት ቅዱስ አለ፤ እሱም ለእኛ ሩቅ አይደለም። አትናቴዎስ ዘእስክንድርያ ነው። በአርዮስ ክርክር ዘመን አብዛኞቹ ጳጳሳት ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሲያዘነብሉ፣ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ተሰደዱ። የሮሙ ሊቤርዮስ እንኳ በስደትና በዛቻ ተዳክመው የአትናቴዎስን መወገዝ እንደፈረሙ የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ትውፊታውያኑ «ያኔ ብዙኃኑ ከነሥልጣናቸው ተሳስተው፣ አንዱ ስደተኛ እውነትን ይዞ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው» ይላሉ። እኛ ደግሞ በዚያ ታሪክ ውስጥ አንድ ገጽ አለን። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርገው ወደ አክሱም የላኩት አትናቴዎስ ናቸው። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ በመሾሙ እምነቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ፣ በአትናቴዎስ ፈንታ ወደተቀመጠው ወደ ጊዮርጊስ እንዲልኩት ጠየቀ። የአክሱም ነገሥታት ይህን ስለመፈጸማቸው የተጻፈ ነገር የለም። እንግዲህ የእኛ ክህነት ራሱ፣ በጊዜው ሥልጣን የያዙት ካልተቀበሉት ከአንድ ስደተኛ ጳጳስ እጅ የመጣ ነው። ትውፊታውያኑ አትናቴዎስን ሲጠሩ ጆሮዬን የማልዘጋው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ታሪኩን በሙሉ ማንበብ ያስፈልጋል። አትናቴዎስ አባ ሰላማን ሲሾሙ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ፤ በራሳቸው መንበር፣ ከራሳቸው ጳጳሳት ጋር ሆነው፣ ጳጳስ ወደሌለው አገር ላኩ። ቅዱስ ጳውሎስም በአንጾኪያ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃወመው፤ ቶማስ አኵናስም ይህን ጠቅሶ እምነት ላይ አደጋ ሲመጣ የበታች የበላዩን በአደባባይ እንኳ ሊገሥጽ እንደሚገባው ያስተምራል። ጳውሎስ ግን ጴጥሮስን ከተቃወመ በኋላ ሌላ አንጾኪያ አላቋቋመም። ተግሣጽ ከተገሣጹ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥን ይጠይቃል። ከማዕዱ ተነሥቶ የሄደ ሰው የሚናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ተግሣጽ መሆኑ ግን ይቀራል።

የኤኮን ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። ማኅበሩ በኖቬምበር 1970 የፍሪቡር ጳጳስ ሻሪየር ለስድስት ዓመት ሙከራ ፈቅደውለት ተመሠረተ። በ1974 ለፌቭር የዘላለሟን ሮም እንከተላለን፣ አዲስ አስተሳሰብ የያዘችውን ሮም ግን አንከተልም የሚል መግለጫ ጻፉ። በ1975 የማኅበሩ ፈቃድ ተሰረዘ፤ በ1976 ለፌቭር ካህናትን እንዳይሾሙ ተከልክለው ሲሾሙ ከክህነት አገልግሎት ታገዱ። በሜይ 5 ቀን 1988፣ በኋላ በነዲክቶስ 16ኛ የሆኑት ካርዲናል ራትሲንገርና ለፌቭር የስምምነት ሰነድ ፈረሙ፤ ሰነዱ ማኅበሩን የሚያጸድቅና ከመካከላቸው አንድ ጳጳስ የመሾምን መንገድ የሚከፍት ነበር። ለፌቭር በማግስቱ ፊርማቸውን ሳቡ። ከስምንት ሳምንት በኋላ የኤኮኑ ሹመት ሆነ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ድርጊቱ የመለያየት ተግባር መሆኑንና ውግዘት እንደሚያስከትል በይፋ አስታወቁ።

ለፌቭር የተማመኑበት የሕግ አሳብ አስገዳጅ ሁኔታ የሚባለው ነው። የ1983ቱ የሕገ ቀኖና መጽሐፍ በአስገዳጅ ሁኔታ ሕግ የጣሰ ሰው እንዳይቀጣ ወይም ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል፤ የመጨረሻው አንቀጽ፣ ቁጥር 1752፣ የነፍሳት መዳን ከሕግ ሁሉ የበላይ ሕግ መሆኑን ይናገራል። እሳቸው አርጅተዋል፤ ከሞቱ በኋላ በጥንቱ ሥርዓት ካህናትን የሚሾም ጳጳስ አይኖርም ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው የሐሰት ነበር አልልም። ከሦስት ዓመት በኋላም፣ በማርች 1991፣ ዐርፈዋል። ጥያቄው ግን እዚህ ላይ ነው፤ አስገዳጁ ሁኔታ መኖሩን የሚፈርደው ማን ነው? ቤት ሲቃጠል የጎረቤትን አጥር ጥሶ የሚገባ ሰው ሕግ ጣሰ አይባልም፤ ቤቱ መቃጠሉን መንደሩ ሁሉ ያያልና። እዚህ ግን «ቤቱ እየተቃጠለ ነው» የሚለው አንድ ወገን ነው፤ የቤቱ አባት «ቤቱ እየታደሰ ነው» ይላል፤ ከልጆቹም ብዙዎቹ ጭስ አልታያቸውም። የትኛዋ ሮም ዘላለማዊ፣ የትኛዋ ጊዜያዊ እንደሆነች የሚወስነው በመጨረሻ ራሱ ጠያቂው ከሆነ፣ እሱ ራሱ ሮም ሆኗል ማለት ነው። ባለ አደራው አደራውን እንዳይበላ የተከላከለ ሰው፣ ሳያስበው አደራውን በራሱ ቤት ያስቀምጣል።

ይህን ያዩ ከራሳቸው ወገን ነበሩ። ከኤኮን ሹመት በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ከለፌቭር ማኅበር የወጡ ጥቂት ካህናትና የዘርዐ ክህነት ተማሪዎች በስዊዘርላንድ በኦትሪቭ ገዳም የቅዱስ ጴጥሮስ ካህናት ማኅበርን መሠረቱ። ጥንታዊውን ቅዳሴም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱንም ሳይለቁ መኖርን መረጡ። መምህራቸውን፣ ጓደኞቻቸውን፣ የኖሩበትን ቤት ትተው መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ገምቱ። ስለ እነዚህ ሰዎች ብዙ አይነገርም፤ እኔ ግን በዚህ ሁሉ ታሪክ ከማንም በላይ የማከብረው እነሱን ነው።

በነዲክቶስ 16ኛ በጁላይ 2007 ማንኛውም የላቲን ሥርዓት ካህን በ1962ቱ መጽሐፍ መቀደስ እንደሚችል ሲፈቅዱ፣ ለጳጳሳቱ በላኩት ደብዳቤ ለቀደሙት ትውልዶች ቅዱስ የነበረው ለእኛም ቅዱስና ታላቅ ሆኖ እንደሚኖር ጻፉ። በ2009 የአራቱን ጳጳሳት ውግዘት አነሡ። ከአራቱ አንዱ ሪቻርድ ዊልያምሰን በናዚ ዘመን በአይሁድ ላይ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ የሚክድ ቃል በቴሌቪዥን መናገራቸው በዚያው ሳምንት በመሰማቱ፣ የምሕረቱ ተግባር በቁጣ ተዋጠ። ይህን መሸፋፈን አይገባም፤ በትውፊት ስም የተሸሸገ የአይሁድ ጥላቻ በዚያ እንቅስቃሴ ውስጥ ነበረ፤ ማኅበሩም ዊልያምሰንን ያሰናበተው በ2012 ነው።

ከዚያ የመጣው የ2021 ውሳኔ ነው። ፍራንቸስኮስ በጁላይ 16 ቀን የበነዲክቶስን ፈቃድ ሻሩ። ሰነዱ የሚጠራበት የመክፈቻ ቃል ራሱ «የትውፊት ጠባቂዎች» የሚል ሲሆን ጳጳሳቱን ያመለክታል። ለጥንታዊው ቅዳሴ በቁምስና ቤተ ክርስቲያን መሰብሰብ ተከለከለ፤ አዲስ ማኅበር ማቋቋም ተከለከለ፤ ከዚያ በኋላ የሚካን ካህን ጳጳሱ ከሮም ጋር ሳይመክሩ ሊፈቅዱለት አይችሉም ተባለ። የተሰጠው ምክንያት አንድነት ነው፤ የተፈቀደው ቅዳሴ ጉባኤውን ለሚንቁ መጠጊያ ሆኗል የሚል ነበር። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው። ቢሆንም የውሳኔውን ፍትሕ ለማየት ለረጅም ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም። ቅጣቱ ያረፈው በማን ላይ ነው? የቅዱስ ፒዮስ ማኅበር ፈቃድ ስላልጠየቀ ክልከላው አልነካውም። የነካው በ1988 «ከሮም አንለይም» ብለው የቀሩትን፣ ልጆቻቸውን በቁምስናቸው ያሳደጉትን፣ ታዛዦቹን ነው። በፌብሩዋሪ 2022 ለቅዱስ ጴጥሮስ ማኅበር የተለየ ፈቃድ መሰጠቱ ለካህናቱ እፎይታ ሆኗል፤ በየቁምስናው ለተበተኑት ምእመናን ግን መልስ አልሆነም። በየዓመቱ በጰራቅሊጦስ በዓል ከፓሪስ እስከ ሻርትር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው የሚጓዙ ከ15 ሺህ በላይ ወጣቶች በዚያ ቅዳሴ ሲጸልዩ እያየን፣ በናፍቆት የተያዙ ሽማግሌዎች ናቸው ማለትም አይቻልም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ባለ አደራ ባለቤት ልሁን ሲል ምን እንደሚመጣ ከፈረንሳዮች አስቀድመን እናውቀዋለን። ከሮም የተላኩት ካቶሊካዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1626 በሱስንዮስ ፊት ለሮም የታማኝነት መሐላ ካስገቡ በኋላ፣ ካህናቱ ዳግም እንዲካኑ፣ ሕዝቡ ዳግም እንዲጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ዳግም እንዲባረኩ፣ በዓላትና አጽዋማት በሮም አቆጣጠር እንዲሆኑ፣ ቅዳሴውም በላቲኑ መልክ እንዲታረም አዘዙ። ሥልጣናቸው ሕጋዊ ነበር፤ ከሮም የተሰጠ ነበር። ስድስት ዓመት ሳይሞላ አገሪቱ ተቃጠለች፤ በ1632 በወይና ደጋ በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ከተገደለ በኋላ ሱስንዮስ ራሳቸው «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» አሰኙ። ሕጋዊ ሥልጣን ጸሎትን እንደ ዕቃ ሲያነሣና ሲያስቀምጥ የሚሆነውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ ወደ ዓድዋ የመጡት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆብስ፣ እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው፣ በተቃራኒው ሄዱ። ግዕዙን ተማሩ፣ እንደ አገሩ መነኮሳት ለብሰው እንደ አገሩ ጾሙ፣ ካህናቱን በግዕዝ ሥርዓት አሳደጉ። ዛሬ እኛ ካቶሊክ ሆነን በግዕዝ የምንቀድሰው በሜንዴዝ ትእዛዝ አይደለም፤ በአቡነ ያዕቆብ ትዕግሥት ነው። ሮምም ትምህርቱን ወስዳለች፤ ሊዮ 13ኛ በ1894 የምሥራቅ ሥርዓት ምእመንን ወደ ላቲን ሥርዓት የሚያባብል ሚሲዮናዊ ከሥልጣኑ እንዲነሣ ደነገጉ። በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የመጀመሪያ ዘመን የእኛ ቅዳሴ በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ውስጥ ከነከበሮው ተቀድሷል።

ሊዮ 14ኛ በሜይ 2025 በተመረጡ በሳምንት ውስጥ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ልጆች ተቀብለው ሲያነጋግሩ፣ ያንኑ የሊዮ 13ኛን ሰነድ አነሡ፤ በሥርዓተ አምልኳችን ሕያው ሆኖ የቆየው የምሥጢር ስሜት ለምዕራቡም እንደሚያስፈልገው ተናገሩ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ጥያቄ መጣብኝ። ለግዕዙ የተሰጠው ጥበቃ ለላቲኑ ለምን ይነፈጋል? ሮም የሌላውን ጥንታዊ ጸሎት ከራሷ ሚሲዮናውያን እጅ ከጠበቀች፣ የራሷን ጥንታዊ ጸሎት ለመጠበቅ ምን ይከለክላታል? ይህ ጥያቄ ከታዛዥነት አያወጣም፤ በእኔ ግምት ከእኛ ይልቅ ሊጠይቀው የሚገባ ወገን የለም።

ጥያቄን በቤት ውስጥ ሆኖ እንዴት መጠየቅ እንደሚቻልም በቅርቡ አይተናል። በዲሴምበር 2023 ከሮም የወጣው፣ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶችን ከሥርዓተ አምልኮ ውጭ ስለመባረክ የሚናገር ሰነድ በአፍሪካ ትልቅ መናወጥ አስነሣ። የኪንሻሳው ካርዲናል ፍሪዶሊን አምቦንጎ የየአገሩን ጉባኤያተ ጳጳሳት አሳብ ሰብስበው ወደ ሮም ሄዱ፤ ከእምነት ጉዳይ ኃላፊውና ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር ተነጋገሩ፤ በጃንዋሪ 11 ቀን 2024 የአፍሪካ ጳጳሳት እንዲህ ያለውን ቡራኬ እንደማይሰጡ፣ ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር ያላቸው ኅብረት ግን እንደማይናወጥ በጽሑፍ አወጡ። በዚያው ዓመት ጁላይ ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ማርያ ቪጋኖ የፍራንቸስኮስን ሥልጣን አልቀበልም በማለታቸው በመለያየት ወንጀል መወገዛቸው ታወጀ። ሁለቱም ተቃውመዋል፤ አምቦንጎ ግን ተቃውሟቸውን ይዘው በሩን አንኳኩ፣ ገብተው ተቀመጡ፣ ተናገሩ፣ ተደመጡም።

በመጨረሻ፣ በአውሮፓ ከሚኖሩ ልጆቻችን ደጋግሞ ለሚደርሰኝ ጥያቄ መልስ ልስጥ፤ በሰፈራቸው ያለው ጥንታዊው ቅዳሴ የቅዱስ ፒዮስ ማኅበር ብቻ ሲሆን ምን ያድርጉ የሚል ነው። በዚያ የሚፈጸመው ቅዳሴ እውነተኛ ቅዳሴ ነው፤ ማኅበሩ ግን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕጋዊ አቋም እንደሌለው በነዲክቶስ በ2009 ጽፈዋል። ንስሐቸውን በተመለከተ ፍራንቸስኮስ በምሕረት ዓመት፣ በ2015፣ ለማኅበሩ ካህናት የማናዘዝ ሥልጣን ሰጥተዋል፤ በ2016 ደግሞ ያለ ጊዜ ገደብ አራዝመውታል፤ ስለዚህ ከእነሱ ዘንድ ንስሐ የገባ ሰው ንስሐው የጸና ነው፣ ይህን ፈርቶ አይጨነቅ። ተክሊል ከሆነ የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ በ2017 በወጣው መመሪያ መሠረት ፈቃድ ሊሰጥ ስለሚችል አስቀድሞ እሳቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል። በአቅራቢያቸው የግዕዝ ማኅበረ ምእመናን ካለ ግን ወደዚያ ይሂዱ፤ ባቡር ሁለት ሰዓት ቢወስድም ይሂዱ፤ ልጆቻቸውንም ይዘው ይሂዱ።